ደብዳቤ ሰርቃ ታነብ የነበረች ከተማ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና ውስጥ በይፋ የማይወራለት አንድ ቢሮ ነበረ። በየማለዳው፣ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ፣ በከተማዋ ላሉ ኤምባሲዎች የመጡ ደብዳቤዎችን የያዘ ከረጢት መጀመሪያ ወደዚያ ይገባል። ሠራተኞቹ የማኅተሙን ሰም በሻማ እያለሰለሱ ፖስታውን ይከፍታሉ፤ የሚፈለገውን በጥድፊያ ይገለብጣሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው መልሰው ያሽጉታል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከረጢቱ ፖስታ ቤት ተመልሷል። አምባሳደሩ ማኅተሙን አገላብጦ ቢያይ የሚጠረጥረው ነገር የለም። በቀን መቶ ያህል ደብዳቤ እንዲህ ይነበብ ነበር። የምስጢር ጽሕፈትን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በአውሮፓ ከነበሩት መሰል «ጥቁር ክፍሎች» የቪየናውን የሚተካከል አልነበረም ይላሉ። ቢሮው የተዘጋው በ1848ቱ አብዮት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በዚያችው ከተማ ደመወዝ እየተከፈላቸው ተቃራኒውን የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የሚደክሙት ማንም ሰው ሳይታወቅበት ሊከፍተው የማይችል መልእክት ለመላክ ነው። ከእነሱ አንዷ የወንድሜ ልጅ ናት። ባለፈው ጥቅምት ስድስት ቀን እሷ ዘንድ ከርሜ ተመለስኩ።

ጉዞው የእኔ ሐሳብ አልነበረም፤ የላከኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንዲት የወረዳ ከተማ ቴሌፎኒስት ነበር። እጀታው እየተሽከረከረ በሚደወልበት ዘመን ገመዱን ከሰሌዳው ላይ እየነቀለ፣ እየሰካ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ኖሯል። የከተማው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ዕዳና መርዶ ሁሉ በጆሮው አልፏል። አንዱንም ግን ከቢሮው ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ትልቁ ኩራቱም ይኸው ነው።

ልጁ ፊዚክስ ተምራ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች። ለዶክትሬት ወደ ቪየና ስትሄድ ደግሞ እንደ ደንቡ «ተምሬ ተመልሼ አገለግላለሁ» ብላ ፈረመች። ዋስ የሆናት አባቷ ነው። ባትመለስ ዕዳው የሚመጣው በእሱ ላይ ነው።

ዘንድሮ ዶክትሬቷን ጨረሰች። ቤተሰቡ ሊቀበላት ሲሰናዳ ሌላ ወሬ መጣ፤ እዚያው ቪየና በኳንተም ኮሙኒኬሽን የሦስት ዓመት የተመራማሪነት ሥራ ቀርቦላታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለባት። ወንድም ጋሼ ነገሩን ሲሰማ ያለው ይህን ነው። «ዶክተር ሆነች አይደል እንዴ? ከዚህ በላይ ደግሞ ምን ትማራለች? ሂድና በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»

የቦልትስማን ጎዳና

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ቪየና ስለሚበርር ጉዞው ቀላል ነው። ከተማዋ የተባበሩት መንግሥታት፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት መቀመጫ በመሆኗ የዲፕሎማት መኪና አይጠፋባትም። አንድ ዲፕሎማት የአገሩን ደብዳቤ ማንም እንዳይከፍትበት የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1961 የተፈረመውም እዚሁ ነው። ደብዳቤ በመክፈት የተካነችው ከተማ ደብዳቤ መክፈትን የሚከለክለው ሕግ መጠሪያ ሆነች።

የወንድሜ ልጅ የምትሠራው በዘጠነኛው ወረዳ፣ በአልዘርግሩንድ ነው። ሰፈሩ የዶክተርና የተማሪ ሰፈር ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ ሕመምተኞቹን ሶፋ ላይ እያስተኛ ያዳመጠበት ቤት እዚያው አቅራቢያ፣ በርግጋሰ ቁጥር 19 ላይ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጡ ሽትሩድልሆፍ የሚባለው የሚያምር የድንጋይ ደረጃ አለ። በ1910 የተሠራ ነው፤ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይወጣል፣ ውኃ ይንጠባጠብበታል፣ ተማሪዎች ዳቦ ይበሉበታል። ደረጃው ሲያልቅ ትንሽ ፈንጠር ብሎ በፊዚክስ ሊቁ በሉድቪግ ቦልትስማን ስም የተሰየመው ጎዳና ይገኛል።

ቁጥር 3 በ1910 የራዲየም ምርምር ተቋም ሆኖ የተከፈተ ሕንፃ ነው። ከጠፈር ወደ ምድር የሚዘንበውን ጨረር በ1912 በባሉን ወደ ሰማይ ወጥቶ ያገኘው፣ በኋላም ኖቤል የተሸለመው ቪክቶር ሄስ የሠራው እዚህ ነበር። ዛሬ ሕንፃው የኦስትሪያ ሳይንስ አካዳሚ የኳንተም ተቋም ነው። የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፋኩልቲ ከጎኑ ነው። በዚያው ጎዳና ወደ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። የምስጢር መልእክት የሚጠናበትና የምስጢር መልእክት የሚላክበት ቤት በአንድ መንገድ ላይ መገናኘታቸው ፈገግ ያሰኛል።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተመሠረተው በ1365 ነው። በእኛ አገር ዐፄ ንዋየ ክርስቶስ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። በዋናው ሕንፃ ውስጥ፣ ቅስት ባላቸው መተላለፊያዎች በተከበበው ግቢ፣ ያለፉት መምህራን ሐውልቶች ተደርድረዋል። የቪየና ተወላጁ የኤርቪን ሽሮዲንገር ሐውልት ስሙን ያስጠራው ቀመር ተቀርጾበታል። ሁለት ቅንጣቶች ቢራራቁም አንዱን ለብቻ መግለጽ እስኪያቅት ድረስ ዕጣቸው መቆላለፉን የሚገልጸውን ቃል በ1935 ያወጣውም እሱ ነው። በአማርኛ «ጥልፍልፎሽ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። የወንድሜ ልጅ እንጀራዋን የምትበላው በዚህ ጥልፍልፎሽ ነው።

የሸረሪት ድር

ቤተ ሙከራው መስኮት የለውም። መብራቱ ሲጠፋ የራስን እጅ እንኳ ማየት አይቻልም። መሃል ላይ የቆመው ከባድ የብረት ጠረጴዛ እግሮቹ በታመቀ አየር የተሞሉ ናቸው፤ ትራም ባለፈ ቁጥር እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ላዩ ላይ እንደ ጣት ጥፍር የሚያንሱ መስተዋቶች፣ ምስሮችና ብልጭ የሚሉ ክሪስታሎች ተተክለዋል። ሌዘር ከክሪስታሉ ጋር ሲገናኝ አልፎ አልፎ አንዷ የብርሃን ቅንጣት ተሰንጥቃ መንታ ትወልዳለች። መንታዎቹ ጥልፍልፍ ናቸው። ጥግ ላይ እንደ ማቀዝቀዣ የሚያጉረመርመው መሣሪያ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ላይ፣ አንዲት ቅንጣት በደረሰች ቁጥር የሚቆጥር ረቂቅ ሽቦ አለ።

«ሥራዬ ብሎን ማዞር ነው» አለችኝ እየሳቀች። ግማሽ ቀን ብሎኑን በፀጉር ስፋት እያዞረች መስተዋት ታስተካክላለች፤ ግማሹን ቀን ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ትጽፋለች፤ የቀረውን ጊዜ የማስተርስ ተማሪዎች ታማክራለች። ብዙ ጊዜ የምትለካው ሌሊት ነው። በከተማው ሥር የተዘረጋው ፋይበር ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፣ ስትገባ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ምክንያት የብርሃኑ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይዞራል። ሌሊት ግን ይረጋል።

ምስጢሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ለመረዳት የገጠር ምሳሌ ይበቃል። ማታ በጎተራው በር ላይ ሸረሪት ድሯን ታደራለች። ጠዋት ድሩ ተበጥሶ ከተገኘ ሌሊት ሰው ገብቷል ማለት ነው። ሌባው ድሩን መልሶ ማድራት አይችልም። የቪየናዎቹ ባለሰሞች ያን ዘመን አምባሳደሮችን ያታለሉት ሰም መልሶ ስለሚታሸግ ነው። የብርሃን ቅንጣት ግን እንደ ድሩ ናት።

ብርሃን ሲጓዝ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው፤ ቀጥ ብሎ፣ ተጋድሞ፣ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ወይም ወደ ግራ አዘንብሎ። ላኪው ቅንጣቶችን አንድ በአንድ፣ አቅጣጫቸውን በዕጣ እየመረጠ ይልካል። ተቀባዩ ሁለት ዓይነት መለኪያ አለው፤ አንዱ ለቀጥ-አግድም፣ ሌላው ለአዘንባዮቹ። የቱን እንደሚጠቀም እሱም በዕጣ ይመርጣል። መለኪያው ከላኪው ምርጫ ጋር ከገጠመ መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ካልገጠመ እንደ ሎተሪ ነው። ከዚያ ሁለቱ በተራ ስልክ ይነጋገራሉ። «የትኛውን መለኪያ ተጠቀምክ?» ይባባላሉ እንጂ ውጤቱን አይናገሩም። ያልገጠመውን ይጥላሉ። የቀረው የዜሮና የአንድ ሰልፍ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቁልፍ ይሆናል። መልእክቱ በዚያ ቁልፍ ተቆልፎ በተለመደው መስመር ይሄዳል።

መሃል ላይ ሰላይ ቢኖርስ? ቅንጣቷን ሳይነካ ማንበብ አይችልም። ቅጂዋንም ማስቀረት አይችልም፤ ያልታወቀች ቅንጣት ልትገለበጥ እንደማትችል በ1982 በሒሳብ ተረጋግጧል። ያለው ምርጫ እየለካ፣ የለካውን የመሰለ ሌላ ቅንጣት መላክ ነው። መለኪያውን ግን እሱም በግምት ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ከቁልፉ ጥቂቱን ቆርሰው ቢያስተያዩ ከአራቱ አንዱ ገደማ ተበላሽቶ ያገኙታል። ድሩ ተበጥሷል፤ ቁልፉ ይጣላል። ይህን ዘዴ በ1984 ያቀረቡት ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር ናቸው። ቪየናዎቹ ከአንዲት ቅንጣት ይልቅ መንታዎቹን ተጠቅመው በሰፊው ሠርተውበታል።

ከምድር በታች

የዚህ ሳይንስ ታሪካዊ ቦታዎች የሚገኙት ብዙዎቹ ከእግር በታች ነው። ቪየና በፍሳሽ መተላለፊያዋ ትታወቃለች። በ1949 የወጣው «ሦስተኛው ሰው» የተባለ ፊልም መጨረሻው ላይ ተፈላጊው ሰው የሚሳደደው በዚያ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዛሬም ቱሪስት እየከፈለ ይጎበኘዋል። በሚያዝያ 2004 ተመራማሪዎች በፍሳሹ ዋሻ 1.45 ኪሎ ሜትር ፋይበር ዘርግተው ማዘጋጃ ቤቱን ከአንድ ባንክ ጋር አገናኙ፤ በጥልፍልፍ ብርሃን በተሠራ ቁልፍ የተጠበቀ የገንዘብ ማስተላለፍም ተደረገ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሜ አየሁት። ሰዎች ፎቶ የሚነሡት ከፍ ያለውን ሹል ግንብ ነው። የወንድሜ ልጅ ግን ጣቷን ወደ መንገዱ የብረት ክዳን ቀሰረች። «በዚህ ነው ያለፈው» አለች።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ደግሞ የዳኑብ ሙከራ ወጣ። እሁድ ዕለት ወደ ወንዙ ወሰደችኝ። ከጎርፍ ለመከላከል በሰው እጅ የተሠራችው የዳኑብ ደሴት 21 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች፤ ቤተሰብ ብስክሌት ይነዳባታል፣ አረጋውያን ውሻ ያንሸራሽሩባታል። ከወንዙ ግርጌ ባለ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ የተዘረጋ ፋይበር አንድ ቅንጣት ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይወስዳል፤ በሁለቱ ዳርቻ መካከል 600 ሜትር አለ። ተመራማሪዎቹ የአንዲት ቅንጣት ጠባይ በወዲህኛው ዳርቻ እንዲጠፋ፣ በወዲያኛው ዳርቻ ባለች ቅንጣት ላይ እንዲገለጥ አደረጉ። ቴሌፖርቴሽን ይሉታል። እንደ ፊልም ሰው አያሻግርም፤ የሚሻገረው ጠባዩ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከወንዙ በላይ በሬዲዮ ሞገድ «ይህን አድርግ» የሚል ተራ መልእክት ካልደረሰ አይሠራም። ደስ የሚለው፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ከአየር ላይ ይልቅ ስለሚዘገይ መልእክቱ ከቅንጣቷ ቀድሞ ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ ያለው መሣሪያ እንግዳው ሳይመጣ ይሰናዳል።

በጥቅምት 2008 በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎችና ዛንክት ፖልተን የተባለችው ጎረቤት ከተማ በአንድ የኳንተም መረብ ተገናኙ። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ዓመት፣ ብዙ ወጣት፣ ብዙ ብሎን አለ።

ከቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት እስከ ሳተላይት

ሆፍቡርግ የሃብስቡርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነው። ያ ደብዳቤ ከፋች ቢሮ ያገለግል የነበረው የዚህን ቤት ጌቶች ነበር። ቱሪስቱ የንግሥት ኤልሳቤጥን ልብስና የነጮቹን ፈረሶች ጭፈራ ሊያይ ይሰለፋል። ከዚያው ቤተ መንግሥት ምድር ቤት በ2015 ሌላ ታሪክ ተሠርቷል። አልበርት አይንስታይን ጥልፍልፎሽን አላመነበትም፤ ቅንጣቶቹ ከመነሻው መልሱን በኪሳቸው ይዘው ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ጆን ቤል በ1964 ክርክሩን በሙከራ መፍታት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። በየጊዜው የተደረጉት ሙከራዎች ግን ማምለጫ ቀዳዳ ይተዉ ነበር። በሆፍቡርግ ምድር ቤት የቪየናው ቡድን ዋና ዋናዎቹን ቀዳዳዎች በአንድ ሙከራ ደፈነ። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድስ ዴልፍትና በአሜሪካም ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። ቅንጣቶቹ በኪሳቸው የያዙት መልስ የለም።

የቪየናው ቡድን መሪ አንቶን ዛይሊንገር በ2022 ከአላን አስፔና ከጆን ክላውዘር ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። በ1999 ቪየና ላይ በዛይሊንገር ሥር ዶክትሬቱን የጨረሰው ፓን ጂያንዌይ ወደ አገሩ ቻይና ተመለሰ። በነሐሴ 2016 ቻይና በጥንቱ ፈላስፋዋ በሞዚ ስም የሰየመቻትን የኳንተም ሳተላይት ወደ ሰማይ ስትልክ የሥራው መሪ እሱ ነበር። መስከረም 29 ቀን 2017 የሁለቱ አገሮች የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንቶች፣ አንዱ ቤይጂንግ፣ ሌላው፣ ዛይሊንገር ራሱ፣ ቪየና ሆነው 7,600 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በቪዲዮ ተነጋገሩ። ቁልፉን የሰጠቻቸው ሳተላይቷ ናት። ተማሪው ተመልሶ ሄዶ ከመምህሩ ጋር በእኩል ተነጋገረ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የወንድሜ ልጅ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ለምን እንደደገመችው ገብቶኛል።

በመካከል የተቀመጠ ሰው

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ሳተላይቷ ቁልፉን ለሁለቱም ከሰጠች እሷ ራሷ ምስጢሩን አታውቅም ወይ? ጠየቅኳት።

«ታውቃለች» አለች። «ለቻይና አንድ ቁልፍ ትሰጣለች፣ ለኦስትሪያ ሌላ ትሰጣለች፣ ከዚያ ሁለቱን ታስታርቃለች። እንደ አባዬ ማለት ናት። ገመዱን የሚሰካው ሰው ሁሉን ይሰማል፤ ታማኝ ነው ብለን ማመን አለብን። የእኛ ቡድን ሥራ አባዬን ከመሃል ማውጣት ነው።»

በፋይበርም ችግሩ ያው ነው። መስታወቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ብርሃን ይውጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ ቅንጣት የምትደርሰው አንዷ ገደማ ናት። በተራው ኢንተርኔት መሃል ላይ እያጎሉ መላክ ይቻላል፤ እዚህ ግን ማጉላት መገልበጥ ነው፣ መገልበጥ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ዛሬ ረጅም መስመር የሚሠራው በየመንገዱ «የታመኑ ጣቢያዎች» ተቀምጠውበት ነው። ጣቢያው እንዲታመን የሚያስፈልገው የፊዚክስ ሕግ ሳይሆን ዘበኛና ቁልፍ ያለው በር ነው። ጥልፍልፍ መንታዎችን ከሳተላይት በቀጥታ ለሁለት ጣቢያዎች አከፋፍሎ፣ ሳተላይቷን ማመን ሳያስፈልግ፣ 1,120 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ቦታዎች መካከል ቁልፍ መሥራት እንደሚቻል በ2020 ታይቷል፤ ፍጥነቱ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የቀረበላት ሥራ ይህን ችግር የሚመለከት ነው።

ስለ ሥራው ደካማ ጎንም አልደበቀችኝም። በ2010 ተመራማሪዎች ገበያ ላይ የነበሩ መሣሪያዎችን በደማቅ ብርሃን አሳውረው ቁልፉን ሳይታወቅባቸው ወስደዋል። የብርሃን ሕግ አልተጣሰም፤ የተታለለው መሣሪያው ነው። የአሜሪካና የብሪታንያ የደኅንነት ተቋማትም ለጊዜው ከዚህ ይልቅ በሒሳብ ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ መቆለፊያዎችን ይመርጣሉ፤ አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን መስፈርቶች በነሐሴ 2024 አውጥታለች። ሌላም አለ። ኳንተም የማንነት ጥያቄን አይመልስም። በመስመሩ ማዶ ያለው ሰው በእርግጥ ወዳጄ ነው ወይስ ወዳጄን የመሰለ ሌላ ነው? ይህን ለማወቅ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ያወቁት ትንሽ ምስጢር ወይም ሌላ የታመነ ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። ጨርሶ በማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች መካከል ብርሃን መተማመንን አይፈጥርም።

ውሉ ምን ይላል?

የሥራ ወረቀቱን ያነበብነው ቡና ቤት ቁጭ ብለን ነው። ቪየና ቡና በትንሽ ሰርቪስ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይቀርባል። አንድ ስኒ አዝዞ ግማሽ ቀን ጋዜጣ ማንበብ ነውር አይደለም። ሦስት ስኒ የለመደ ኢትዮጵያዊ ግን አንዱ አይበቃውም።

በመጀመሪያ ለወንድም ጋሼ የማስረዳው ነገር ተገኘ። ይህ ትምህርት አይደለም። ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ የቅጥር ሥራ ነው። እንዲያውም በኦስትሪያ የዶክትሬት ተማሪዎችም ብዙዎቹ በውል የተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዝ፣ የጤና መድንና የጡረታ መዋጮ አላቸው። ደመወዙ እንደ ሌላው የኦስትሪያ ሠራተኛ በዓመት 14 ጊዜ ይከፈላል፤ ለክረምት ዕረፍትና ለገና ተጨማሪ አለው። ይህን ሲሰማ የማይደሰት ቤተሰብ የለም።

ሁለተኛው ነገር እንደዚያ አያስደስትም። ውሉ የሦስት ዓመት ነው፤ በመጨረሻው ቀን ያበቃል። በጊዜያዊ ውል አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቆዩበትን ዘመን ሕጉ ይገድበዋል። ቋሚ የፕሮፌሰር ቦታ ጥቂት ነው፤ እሱን የሚጠብቁ ከየአገሩ የመጡ ጎበዞች ብዙ ናቸው። ከባልደረቦቿ አንዱ ሦስት አገር ውስጥ ሠርቶ አሁን አራተኛውን እየፈለገ ነው። ሌላዋ ወደ ኩባንያ ሄዳለች። ስለዚህ «ልጄ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ማለት «ተደላደለች» ማለት አይደለም። ሙያ የሚቀሰምበት ጊዜያዊ ቦታ ነው፤ ዋጋው የሚለካው ሲያልቅ ይዘውት በሚወጡት ነገር ነው።

«አገር ቤት ብትመለሺ ይህን ሙያ ምን ታደርጊበታለሽ?» አልኳት። በአባቷ ቦታ ሆኜ ነው የጠየቅሁት።

የሰጠችኝ መልስ ተዘጋጅታበት እንደቆየች ያሳያል። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በዓለም ዋንጫው ጊዜ፣ የደርባን ስታዲየም መረጃ በኳንተም ቁልፍ ተጠብቆ ነበር። በጥቅምት 2024 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽና በቤይጂንግ መካከል በ12,900 ኪሎ ሜትር ርቀት በትንሽ የቻይና ሳተላይት አማካይነት ቁልፍ ተላልፏል። አፍሪካ ውጭ የቀረች አይደለችም። ከዚያ ወደ እኛ መጣች። ከአዲስ አበባ በላይ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከሞዚ ሳተላይት ብርሃን ከተቀበሉት የቻይና ጣቢያዎች አንዱ፣ የሺንግሎንጉ፣ የተጠቀመውም ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ነው። «መሣሪያው ብቻ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስት ዓመት የምፈልገው ያን ለመልመድ ነው» አለችኝ። ይሳካል አላለችም። እንዲያውም አገር ቤት እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ እንደሌለ፣ ቅንጣት ቆጣሪዎቹ ውድ መሆናቸውን፣ ለብዙ ዓመት ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ይዛ ልታስተምር እንደምትችል ራሷ ዘርዝራ ነገረችኝ።

ዋስ

በአምስተኛው ቀን ማታ ወንድም ጋሼ ጋ በቪዲዮ ደወልን። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ጨለማውን ክፍል፣ የወንዙን ሥር፣ 14 ጊዜ የሚከፈለውን ደመወዝ፣ የሚያልቀውን ውል። እሷም ያንን ቀልድ ደገመችው፤ ሥራዋ አባቷን ከመሃል ማውጣት መሆኑን።

ወንድም ጋሼ አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ፣ «መልካም ነው። እኔ ታማኝ ነበርኩ፤ ከእኔ በኋላ የተቀመጠው ግን አልነበረም» አለ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ታዲያ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?» ልጁ ደነገጠች። ባለሙያዎቹ የሚጨቃጨቁበትን ነገር ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲሰካ የኖረ ሰው በአንድ ቃል ነካው። አስቀድሞ የሚተዋወቁ መሆን እንዳለባቸው አስረዳችው። «እንግዲያው ዋስ አልቀረም» አለ።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። እንድትቀርም እንድትመለስም አላዘዛትም። ሳትደበቅ፣ መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ ለዩኒቨርሲቲዋ እንድትጽፍ ነገራት። «እኔን ለማዳን ብለሽ አትመለሺ፤ እኔን አስይዘሽም አትቅሪ።» በማግሥቱ ጻፈች፤ የሥራ ውሉን አያይዛ፣ ፈቃዷ እንዲራዘም፣ በየክረምቱም መጥታ አንድ ኮርስ እንደምታስተምር ጠቅሳ። የትምህርት ክፍሏ መልስ በሁለት ሳምንት መጣ፤ አንድ ዓመት ተፈቅዶላታል፤ ቀሪው ሥራዋ እየታየ በየዓመቱ ይወሰናል፤ የአገልግሎት ግዴታዋ እንዳለ ይቆያል። የጠየቀችውን ሁሉ አላገኘችም። የቪየናውን ኃላፊ አማክራ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ ካልታደሰ ውሏን አቋርጣ እንደምትሄድ አስቀድማ አሳውቃ ፈረመች።

ልጃችሁ «የምርምር ሥራ አገኘሁ» ብላ የጻፈችላችሁ ካላችሁ ደስታውንም ሥጋቱንም ከማብዛታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። ውሉ የስንት ዓመት ነው? ከፋዩ ማን ነው? ሲያልቅ ምን ይዛ ትወጣለች? አገር ቤት የፈረመችው ግዴታ ካለ አሠሪዋ ያውቃል ወይ? ይህን በግልጽ የምትመልስ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች።

ወንድም ጋሼ ባለፈው ማክሰኞ በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዶ ነበር። ጸሐፊዋ ለተራዘመው ፈቃድ አዲስ የዋስትና ቅጽ ሰጠችው። መነጽሩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ካነበበው በኋላ ፈረመ።